ሰፈራችን ጣልያን ቤት ተከፈተ፤ ምን እንዘዝ?

የዚህ እትም ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ምግብ ቤት ናቸው፤ ያውም ስለ አንድ ዓይነት ምግብ ቤት። አምስት ስድስት ጠረጴዛ ያላት፣ በሯ አረንጓዴ ነጭ ቀይ የተቀባ፣ ፓስታና ፒዛ የምትሸጥ የሰፈር ቤት። ከማርቆስም፣ ከባሕር ዳርም፣ ከሞጣም ጻፋችሁልኝ። ዕድሜዬን ኩሽና ውስጥ የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ ደስ እያለኝ ነው የምመልሰው። አንዳንዱን ረዘም አድርጌዋለሁ፣ አንዳንዱን በሁለት መስመር ዘግቼዋለሁ። እንዳትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ እታለም፣ ሰላም ነሽ? ከቀበሌው ጀርባ ትንሽ ጣልያን ቤት ተከፍታለች። እጮኛዬ አዲስ አበባ ተምራ የመጣች ናት፤ እዚያ እንድወስዳት ጠቆም ጠቆም ታደርገኛለች። እኔ ግን ስፓጌቲ በሹካ በልቼ አላውቅም። ቤታችን ፓስታ የሚበላው በእንጀራ ነው። ስጎው ጢሜ ላይ ተንጠልጥሎ ፊቷ እንዳልዋረድ ምን ላድርግ? (ሹካ የፈራው፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ነገር ስፓጌቲ እዘዝ ብሎ ማን አስገደደህ? ፔኔ እዘዝ። አጭር ነው፣ በሹካ ወጋ ታደርገዋለህ፣ አለቀ። መኮሮኒም ያው ነው። ላዛኛም እየተቆረጠ የሚበላ ስለሆነ ማንንም አያዋርድም። ሰው የመጀመሪያ ቀን ልቡን ለጨዋታው ይስጥ እንጂ ለሹካው ምን አስጨነቀው።

ስፓጌቲ ካማረህ ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው። ብዙ ሰው ሹካውን የክምሩ መሀል ላይ ሰክቶ ያዞራል። ያኔ ግማሹ ሳህን ተጠቅልሎ ይነሣልሃል፣ አፍህ አይችለውም። ከዳር ጀምር። ሦስት አራት ክር ብቻ በሹካው ለይተህ ወደ ሳህኑ ባዶ ጠርዝ ሳብ አድርግ፣ የሹካውን ጫፍ ሳህኑ ላይ አስደግፈህ ቀስ ብለህ አዙር። ጅራቱ ተጠቅልሎ ሲገባ አንሣ። ትንሽ ተንጠልጥሎ ቢቀር ጎንበስ ብለህ ጉረስ፤ ጣልያኖቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። በማንኪያ ደግፎ ማዞርም አለ። እነሱ «የልጅ አበላል ነው» ይላሉ እንጂ እኛ ዘንድ ማንም ዞር ብሎ አያይህም። በቢላዋ መቆራረጡን ግን ተው። የተቆራረጠ ስፓጌቲ ሹካ ላይ አልጠቀለል ይልሃል፣ ሳህኑ ላይ ስታሳድደው ትውላለህ። ነጭ ሸሚዝም አትልበስ።

በእንጀራ ስለ መብላቱ አታፍር። እኔም እወደዋለሁ። ግን ለእንጀራ የሚሆነው ስጎ ሌላ ነው፤ ሽንኩርቱ በደንብ ቁልት ያለ፣ በርበሬ የገባበት፣ ወፈር ያለ። የጣልያን ቤቷ ስጎ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይትና ጨው ነው፤ እንጀራ ላይ ቢፈስ ጣዕሙ ይጠፋል። ስለዚህ እንጀራውን ለቤትህ አቆየው። ደግሞ እጮኛህን አጉርሳት እንጂ! በሹካ ማጉረስ አይቻልም ያለህ ማነው?

ጥያቄ፦ እታለም፣ እንጅባራ መምህር ነኝ። የሰፈራችን ጣልያን ቤት ፓስታው ሁልጊዜ ተልፈስፍሶ ነው የሚመጣው። እኔ ደግሞ ቤቴ ፓኬቱ ላይ 9 ደቂቃ የሚለውን አይቼ ስቀቅል መሀሉ ጥሬ ይሆንብኛል። ማናችን ነን ልክ? (ሰዓት ቆጣሪው)

መልስ፦ ሁለታችሁም አይደላችሁም፤ ፓኬቱም አልዋሸም። ደቂቃው የተጻፈው ባሕር ጠለል አካባቢ ለሚኖር ሰው ነው። ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው እዚያ ነው። ወደ ደጋ በወጣህ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ውኃው ቶሎ ይንተከተካል፤ ሲንተከተክ ግን ሙቀቱ ያነሰ ነው። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል ብለህ ያዝ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ናት፣ ውኃዋ 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ማርቆስ 2,400 ሜትር ታልፋለች፣ እዚያ 92 ገደማ ነው። እንጅባራም ከማርቆስ አታንስም። እናትህ ባቄላና ሽምብራ አልበስል እያላት ከሰል ስትጨርስ የኖረችው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እሳት ብትጨምርበት ውኃው በብዛት ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም።

ስለዚህ 9 የተባለውን 11 ወይም 12 ደቂቃ ስጠው። ከሰዓቱ ይልቅ ግን ጥርስህን እመን። አንድ ክር አውጥተህ ቁረጠውና መሀሉን እይ። የመርፌ ጫፍ የምታክል ነጭ ነጥብ ካለች አንድ ደቂቃ ያህል ቀርቶታል። ነጥቧ ልትጠፋ ስትል አውጣው፣ ስጎው ውስጥ ትጨርሳለች። ለ100 ግራም ፓስታ 1 ሊትር ውኃ፣ ለ1 ሊትር ውኃ 10 ግራም ያህል ጨው በቂ ነው። ውኃው ውስጥ ዘይት የሚጨምሩ አሉ፤ ዘይታቸውን ነው የሚያባክኑት። አውጥተህ በቀዝቃዛ ውኃ አትጠበው፣ ስጎው የሚይዝለት ያ የሚያጣብቀው ነገር ነው። ከመድፋትህ በፊት ከመቀቀያው ውኃ አንድ ጭልፋ አስቀርና ስጎው ሲደርቅብህ ጨምርበት።

የምግብ ቤቷ ችግር ሌላ ነው። ጠዋት አብዝተው ይቀቅሉታል፣ ዘይት ቀባ አድርገው ያስቀምጡታል፣ ሰው ሲያዝ ፍል ውኃ ውስጥ ነከር አድርገው ያወጡታል። ቀድሞ መቀቀል በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ትልልቅ ኩሽናም ያደርገዋል። ግን ገና ጠንከር እንዳለ ካላወጡት ሁለተኛው ንክር ይገድለዋል። ስታዝ «ትንሽ ጠንከር ያለ ይሁንልኝ፣ እጠብቃለሁ» በላቸው። ሩብ ሰዓት አስጠበቁህ ማለት አዲስ እየቀቀሉልህ ነው፤ ተመስገን በል። በሦስት ደቂቃ ከመጣ ግን የጠዋቱ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የቢቸና ሰው ነኝ። ልጄ ባሕር ዳር ይኖራል፤ ለፋሲካ ስሄድ «ጣልያን ቤት ልጋብዝህ» አለኝ። አባቴ አምስቱን ዓመት ጫካ ገብቶ ጣልያንን ሲወጋ የኖረ ሰው ነው። የጣልያን ማዕድ ላይ አልቀመጥም አልኩት። ልጁ ከፋው። አጠፋሁ እንዴ? (የአርበኛ ልጅ)

መልስ፦ አባቴ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። የበላይ ዘለቀ አገር ሰው እንዲህ ቢል ማን ይፈርዳል። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ከተማና ምሽግ ያዘ እንጂ ገጠሩን እንደልቡ አልረገጠም፤ ያንን ያደረጉት እንደ አባትዎ ያሉ ሰዎች ናቸው። አላጠፉም። ቅር ያለዎት በከንቱ አይደለም።

አንድ ሁለት ነገር ግን ላንሣልዎት። ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ክፉን በክፉ አትመልሱ ብለው ነው ያወጁት። ከዚያ ወዲያ አገራችን የቀረው ጣልያን ጥቂት አልነበረም፤ መካኒክ ሆነ፣ ግንበኛ ሆነ፣ ዳቦ ጋገረ፣ ምግብ ቤት ከፈተ። ፒያሳ ላይ ስሙ የገነነው ካስቴሊ በወታደርነት መጥቶ እዚሁ በቀረ ጣልያን የተከፈተ ነው። አርበኞቹም ሆኑ የአርበኛ ልጆች የፎርኖ ዳቦውን በልተዋል፣ ማኪያቶውን ጠጥተዋል፣ ይህ ግን አርበኝነታቸውን አልቀነሰባቸውም። ዛሬ ደግሞ በየሰፈሩ ያሉት ቤቶች ባለቤታቸው እንደኛው ያለ ሰው ነው፤ አንዷ የዳንግላ ልጅ ትሆናለች፣ ምግብ አብሳዩ የአዴት ልጅ ይሆናል። የከፈሉት ብር ሮም አይሄድም።

ስንዴውንም እንየው። ፓስታ የሚሠራበት ስንዴ ዱረም የሚባለው ጠንካራው ዓይነት ነው። ይህ ስንዴ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ከጥንት ጀምሮ ይዘራል። እ.ኤ.አ. በ1927፣ ጣልያን ሳይወረን ማለት ነው፣ ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባል ሩሲያዊ የዕፅዋት ሊቅ አገራችን መጥቶ በየገበያውና በየማሳው እየዞረ ዘር ሰበሰበ። የስንዴያችን ዓይነት ብዛት በጣም አስደንቆት ኢትዮጵያን የዓለም ሰብሎች ከሚፈልቁባቸው ማዕከላት አንዷ ብሎ መዘገባት። እንግዲህ አሠራሩ የነሱ ቢሆንም በስንዴው በኩል እኛም ባለቤት ነን።

ልጅዎ «ጣልያን ቤት» ያለው ጣልያንን ወዶ አይመስለኝም። እሱ የሚወደውን ምግብ ለአባቱ ማብላት አምሮት ነው። ከሄዱ አሮስቶ ይዘዙ፤ በፉርኖ የተጠበሰ የበሬ ሥጋ ነው፣ ጥብስ ለለመደ ሰው አይከብድም። ኮቶሌትም ይሆናል፤ ሥጋው በእንቁላልና በዳቦ ፍርፋሪ ተለውሶ የተጠበሰ ነው። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ስለ አያቱ ያጫውቱት፤ ልጁ ከምግቡ ይልቅ እሱን ነው የሚያስታውሰው። ልብዎ ጨርሶ እምቢ ካለም «ዓሣ ቤት ውሰደኝ» ይበሉት። ጣና ዳር ተቀምጦ የቆሮሶ ጥብስ መጋበዝ የሚከፋው ልጅ አላውቅም።

ጥያቄ፦ እታለም፣ ረቡዕና ዓርብ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ጣልያን ቤት እንሂድ ይሉኛል። «የጾም ፒዛ አለ» ይላሉ። ማመን አልቻልኩም። እውነት የጾም ነው? (የሁለት ልጆች እናት፣ ከሞጣ)

መልስ፦ እኅቴ፣ አለማመንሽ ደግ ነው። «የጾም» ተብሎ የተጻፈ ሁሉ የጾም አይደለም፤ ክፋት ኖሯቸው ግን አይደለም፣ አብሳዩ አትክልቱን እንጂ ሊጡን ስለማያስበው ነው።

ከሊጡ እንጀምር። የፒዛ ሊጥ ዱቄት፣ ውኃ፣ እርሾና ጨው ነው፤ ይህ ይጾማል። ግን እንዲለሰልስ ብለው ወተት የሚጨምሩበት ቤቶች አሉ። ጠይቂ። ከፓስታ ውስጥ በፓኬት የሚሸጠው ደረቁ ስፓጌቲና መኮሮኒ ብዙውን ጊዜ ስንዴና ውኃ ብቻ ነው፣ ይበላል። እዚያው ቤት በእጅ ተዳምጦ የሚሠራው ትኩስ ፓስታ ግን፣ ታሊያቴሌና ላዛኛ ማለቴ ነው፣ ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት። ፔስቶ የሚባለው አረንጓዴ ስጎ ቅጠል ብቻ ይመስላል፤ ውስጡ አይብ አለ። ሚኔስትሮኔ የአትክልት ሾርባ ነው፣ ግን መረቁ የዶሮ ወይም የሥጋ ኪዩብ ሊኖርበት ይችላል። ከምግቡ በፊት የሚመጣው ነጭ ሽንኩርት የተቀባ ዳቦም አንዳንዴ ቅቤ ነው የተቀባው።

ያለ ሥጋት የምታዢው ነገር ልንገርሽ፦ ፒዛ ማሪናራ። ስሙ ባሕር ባሕር ቢልም ዓሣ የለውም። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ነው። ኔፕልስ ውስጥ ከጥንታውያኑ ፒዛዎች የሚቆጠር ነው፣ ለጾም ተብሎ የተፈጠረ አይደለም፤ ስለዚህ የተቀነሰበት ነገር የለም፣ እንዲያው ነው አፈጣጠሩ። ሜኑው ላይ ባይኖርም አብሳዩ ይሠራልሻል፤ ሁሉም ዕቃ እጁ ላይ ነው። ከፓስታ ደግሞ ስፓጌቲ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት፣ ከላዩ የደረቀ ሚጥሚጣ ጣል ተደርጎበት። ሲያመጡልሽ አስተናጋጁ አይብ ሊበትንበት እጁን እንዳያዘረጋ አስቀድመሽ ተናገሪ፤ ልማድ ሆኖባቸው ሳያስቡት ነው የሚነሰንሱት። ዓሣ በጾም ስለመብላቱ እኔን አትጠይቂኝ፤ የነፍስ አባትሽን ጠይቂ።

ጥያቄ፦ እኛ ሙስሊም ነን። ባለቤቴ ሜኑው ላይ ያለው ስም ሁሉ አሳማ ይመስላታል። የትኛው ነው? (ከዳንግላ)

መልስ፦ ፕሮሹቶ፣ ፓንቼታ፣ ጓንቻሌ፣ ሳላሚ፣ ሞርታዴላ፦ ጣልያን አገር እነዚህ ሁሉ የአሳማ ናቸው። ካርቦናራ የሚባለው ፓስታ ሲሠራ የሚገባበት ሥጋም እዚያ አሳማ ነው። እኛ አገር ኦርቶዶክሱም አሳማ ስለማይበላ ብዙ ቤት በበሬ ይተካዋል፤ ቢሆንም ጠይቁ፣ በተለይ ፔፐሮኒ የሚባለውን። ሌላው፣ አሳማ ባይኖርበትም ሥጋው የማን እርድ እንደሆነ ጠይቁ፤ ባለቤቱ የሙስሊም ሥጋ ካልያዘ ስጎና ላዛኛውን እለፉት። ስጎ ውስጥ ወይን ጠጅ የሚጨምሩም አሉ። ቲራሚሱ የሚባለው ጣፋጭም አንዳንዴ መጠጥ አለበት። የአትክልት ፓስታ፣ ማርጋሪታ ፒዛ (ቲማቲምና አይብ ነው)፣ የዓሣ ጥብስ፤ እነዚህ ያዋጧችኋል። አስተናጋጁ «አላውቅም» ካለ አብሳዩን ጥሩልኝ በሉ። ትንሽ ቤት የመብላት ጥቅሙ ይህ ነው፣ ኩሽናው ሁለት እርምጃ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር አንድ ጣልያን ቤት ገባን። ሳናዝ ዳቦና ዘይት ቀረበልን፣ በላን። ሂሳብ ሲመጣ ዳቦው ተጽፏል፣ ሰርቪስ 10 በመቶ ተደምሯል፣ በላዩ 15 በመቶ ቫት። ሜኑው ላይ ስለዚህ ምንም አልተጻፈም ነበር። ተዘረፍን ወይስ ደንቡ ነው? (ኪሳቸው የተዳበሰው)

መልስ፦ ከሦስቱ አንዱ ደንብ ነው። ቫት 15 በመቶ የመንግሥት ነው፤ ቤቱ ለቫት የተመዘገበ ከሆነ ያስከፍላል፣ የማሽን ደረሰኝ ግን ይሰጣችኋል። ደረሰኝ ካልሰጡ ቫቱን ለማን እንደከፈላችሁ ጠይቁ። ሰርቪስ የቤቱ ልማድ ነው፤ ካስከፈሉ አስቀድመው ማሳወቅ አለባቸው። ሰርቪስ ከከፈላችሁ ደግሞ ቲፕ ግዴታችሁ አይደለም፣ አስተናጋጁ ካስደሰታችሁ በፈቃዳችሁ።

ዳቦው ላይ ነው የምናደደው። ጣልያን አገር ለመቀመጫና ለዳቦ በነፍስ ወከፍ የሚከፈል ኮፔርቶ የሚባል ነገር አለ፤ እዚያ ግን ሜኑው ላይ ይጻፋል፣ ደንበኛው አውቆ ነው የሚቀመጠው። ሳይጽፉ ማስከፈል ግን የትም አገር አያስመሰግንም። እኛ ደግሞ ይሉኝታ አለብን፤ እንግዳ ፊት «ይሄ በነጻ ነው?» ማለት ሞት ይመስለናል። በሉ! ዳቦው ጠረጴዛው ላይ ሳያርፍ፣ በፈገግታ፣ «ሂሳብ አለው?» ብላችሁ ጠይቁ። አለው ካሉ ወይ ብሉት ወይ ይመለስ። ሁለተኛ ስትሄዱ ሳትጠይቁም ይነግሯችኋል።

ጥያቄ፦ እታለም፣ ቡሬ ላይ ትንሽ ጣልያን ቤት ልከፍት ነው። ዘመዶቼ ሜኑው ሰፊ ይሁን፣ በርገርም፣ ክትፎም፣ የቻይና ሩዝም ይግባበት ይሉኛል። ፉርኖም ልግዛ ወይስ በምድጃ ልጀምር? ምን ትመክሪኛለሽ? (ጀማሪዋ)

መልስ፦ አንቺ ልጅ፣ ዘመዶችሽን ቡና አጠጪና ሸኚያቸው።

ስምንት ምግብ ይበቃሻል። ስፓጌቲ በቲማቲም፣ ፓስታ በአትክልት፣ ፓስታ በሥጋ ስጎ፣ ማሪናራ፣ ማርጋሪታ፣ የአትክልት ፒዛ፣ አንድ የሥጋ ጥብስ ከሰላጣ ጋር፣ ቅዳሜና እሑድ ላዛኛ። ስድሳ ምግብ የተጻፈበት ሜኑ ያለው ትንሽ ቤት ስታዪ ሁለት ነገር ታውቂያለሽ፦ ፍሪጁ በበረደ ሥጋ ተሞልቷል፣ ወይም አስተናጋጁ ከአሥሩ ዘጠኙን «አልቋል» ይላል። እኔ አዲስ ቤት ስገባ የማዘው በጣም ቀላሉን ነው፣ ስፓጌቲ በቲማቲም። መደበቂያ የለውማ። ቲማቲሙ ትኩስ ነው ወይስ የቲማቲም ድልህ በውኃ የቀጠነ? ነጭ ሽንኩርቱ ወርቃማ ሆኖ ወጥቷል ወይስ አርሮ መሯል? ዘይቱ ትናንት ዓሣ ተጠብሶበታል? አንድ ሳህን ሁሉንም ይነግረኛል። ያንቺን ደንበኛም ያንኑ ሳህን ቅመሺና አሳልፊለት።

ዕቃውን ከጎጃም አትራቂ። በሶብላ የጣልያኑ ባዚሊኮ ዘመድ ነው፣ ጠረኑ ጠንከር ይላልና በጣም ትንሽ ቅጠል፣ መጨረሻ ላይ ጣል አድርጊ። የጥብስ ቅጠል ያው ሮዝመሪ ነው፤ ለድንችና ለሥጋ ግሩም ነው። የጮቄ ተራራ ጦስኝ ካገኘሽ ፒዛ ላይ ኦሬጋኖን ይተካልሻል፣ እኔማ እመርጠዋለሁ። ለላዛኛና ለራቪዮሊ የሚሆን ሪኮታ የሚባለውን የጣልያን ለስላሳ አይብ አትፈልጊ፤ ትኩስ አይብ ውኃው በጨርቅ ተጠልሎ፣ ከተቀቀለና ከተጨመቀ ቆስጣ ጋር ሲዋሐድ ማንም ልዩነቱን አይነግርሽም። ለፒዛው ግን የኛ አይብ አይሆንም፣ አይቀልጥማ። ፕሮቮሎኒ የሚባል የሚቀልጥ የአገር ውስጥ ፎርማጆ አለ፣ እሱን ፈግፍጊ። የወይራ ዘይት ውድ ነው፤ ምግብ አትሥሪበት፣ ሲቀርብ ከላይ ጠብ አድርጊበት፣ ጠረኑ ይበቃል።

ፉርኖ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ገንዘብሽ የሚጠፋው እዚያ ነውና። የኔፕልስ ፒዛ የሚጋገረው ከ430 እስከ 480 ዲግሪ ባለው የእንጨት ፉርኖ ነው፤ ከ60 እስከ 90 ሴኮንድ ብቻ ይቆያል። የጋጋሪዎቹ ሙያ እ.ኤ.አ. በ2017 ዩኔስኮ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ተራ የኤሌክትሪክ ፉርኖ 250 ዲግሪ ገደማ ቢደርስ ነው፤ ያን ለስላሳ ዓይነት ሊጥ እዚያ ብትጋግሪው ደርቆ ብስኩት ይሆናል። ስለዚህ በኤሌክትሪክ ከሆነ ሊጥሽ ውኃው በዛ ያለና በትንሽ ዘይት የታሸ ይሁን፣ ትሪው ላይ ወፈር አድርገሽ ዘርጊው፤ የትሪ ፒዛም ጣልያን አገር አለ፣ ማንም ሐሰት ነው አይልሽም።

እኔን ከጠየቅሽኝ ግን የእንጨት ፉርኖ አሠሪ። መብራት ቢጠፋም የፒዛ ሥራሽ አይቆምም፤ ፓስታና ስጎውን ግን በምድጃ ነው የምትሠሪው። የእሳት ጡብ የሚያውቅ ግንበኛ ፈልጊ፤ ተራ ብሎኬት በሙቀቱ ይሰነጠቃል። እንጨቱ ደረቅ ይሁን፣ እርጥብ ባሕር ዛፍ ጭስ እንጂ ሙቀት የለውም። አዊ ቅርብሽ ነው፤ የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ለከሰል ሲተክል ኖሯል፣ ከከሰል ነጋዴ ጋር ተነጋግረሽ እንጨቱን ራሱን ደርቆ እንዲመጣልሽ ማድረግ ትችያለሽ። የመጀመሪያውን ሳምንት ፒዛ አትጋግሪበት። ትንሽ ትንሽ እሳት እያነደድሽ ጡቡን አድርቂው፤ ቸኩለሽ በአንድ ቀን ብታግዪው እርጥበቱ ተንኖ መውጫ ሲያጣ ይሰነጥቀዋል።

ጥያቄ፦ ከፒዛ በኋላ ማኪያቶ ሳዝ አንድ ጓደኛዬ «ጣልያን ከምሳ በኋላ ወተት ያለው ቡና አይጠጣም» ብሎ አሳፈረኝ። እውነት ነው? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ካፑቺኖን ጠዋት እንጂ ከምሳ በኋላ አይጠጡም፣ እሱ እውነት ነው። ማኪያቶ ግን እነሱ ዘንድ ቡና ላይ ጠብ የተደረገ ወተት ነውና ከምሳ በኋላም ይጠጡታል። የኛው ማኪያቶ ወተቱ በዛ ያለ፣ በብርጭቆ የሚመጣ፣ ሌላ ነገር ነው። ጓደኛህ ሂሳቡን የሚከፍል ከሆነ ጥቁር ቡና ጠጣለት። አንተ የምትከፍል ከሆነ ማኪያቶህን እዘዝ፣ ስኳሩንም እንደ ልብህ።